የተንቀጠቀጠው ካሜራና የተቋረጠው ጉዞ

የተከበራችሁ አድማጮች፣ አንድ ወጣት በአንድ ግዙፍ የጠፈር መርከብ ውስጥ ብቻውን ነቅቶ ቀርቷል። ባልደረቦቹ በሙሉ ሰውን ለዓመታት አስተኝተው በሚያቆዩ መሣሪያዎች ውስጥ ገብተው ተኝተዋል። አንደኛው መሣሪያ ግን ተበላሽቷል፤ ወጣቱም ጠግኖት ራሱ ሊገባበት ተስማምቶ ቀርቷል። ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ወደ መመልከቻው ክፍል ይሄድና በሰፊው መስኮት በኩል ጎርፍ መስሎ የሚያልፈውን ብርሃን ይመለከታል። መሣሪያውን ይጠግነው አይጠግነው ሳናውቅ ድራማው እዚያ ላይ ያበቃል። ይህ ክፍል የተላለፈው ግንቦት 9 ቀን 2011 ነበር፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወጣቱም እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ መስኮት ፊት እንደ ቆመ አለ።

ድራማው ስታርጌት ዩኒቨርስ ይባላል። በሁለት ምዕራፍና በ40 ክፍሎች ተቋርጧል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ አድናቂዎች ሲገናኙ ሁለት ጥያቄዎች ሳይነሡ አይቀሩም። አንዱ ለምን ተቋረጠ የሚለው ነው። ሌላው ለምን እንደዚያ ተቀረጸ የሚለው ነው፤ ካሜራው በእጅ ተይዞ ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ የተዋናዩ ፊት እኩሌታው በጥላ ተውጦ ይታያል። ክርክሩ ጥቂት እንደ ቆየ ሁለቱ ጥያቄዎች ይጋጠሙና አንድ ፍርድ ይወጣቸዋል፤ የተቋረጠው እንደዚያ ስለተቀረጸ ነው ይባላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የተቋረጠ ድራማ ላይ ያልታየ ጉድለት ሁሉ ይታያል፤ መጀመሪያ የሚያርፍበት ምሳር ደግሞ የካሜራው ጉዳይ ነው።

እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ ይለያል። የቀረጻ ስልትና የድራማ ዕድሜ በእርግጥ የሚገናኙ ነገሮች ናቸው፤ የሚገናኙት ግን አንዱ ሌላውን ስለሚገድል ሳይሆን ሁለቱም ከአንድ የሒሳብ መዝገብ ስለሚወጡ ነው። ምን ያህል ገንዘብ አለ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው፣ ከፋዩስ በምትኩ የሚፈልገው ምንድን ነው የሚሉት ጥያቄዎች የካሜራውንም አያያዝ የምዕራፉንም ቁጥር ይወስናሉ። ካሜራው ብቻውን የሚወቀሰው ከዚያ መዝገብ ውስጥ ለእኛ ለተመልካቾች የሚታየን ገጽ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የዚህ ሁሉ ክርክር አባት ከሆነው ከስታር ትሬክ እንነሣ። በመስከረም 1966 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ መታየት ሲጀምር፣ የመርከቡ ግድግዳዎች ግራጫ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ተመልካቹ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ሆነው ያያቸው የነበሩት የካሜራ ኃላፊው ጄሪ ፊነርማን በመብራቶቹ ላይ ባለቀለም ማጣሪያ እያደረገ ስለሚያበራባቸው ነው። የባዕድ ፕላኔቶቹም ነገር እንዲሁ ነበር፤ በስቱዲዮው ጀርባ የተዘረጋው ያው አንድ መጋረጃ በአንዱ ሳምንት ብርቱካናማ ሰማይ፣ በሌላው ሳምንት ሐምራዊ ሰማይ ይሆናል። ይህን የጥበብ ውጤት ብቻ አድርጎ ማድነቅ ይቻላል፤ ጥበብም ነው። ነገር ግን የኤንቢሲ ባለቤት የባለቀለም ቴሌቪዥን አምራቹ አርሲኤ ኩባንያ እንደነበር ስናስታውስ፣ እንደዚያ በቀለም የሚያንጸባርቅ ድራማ የዕቃው ማሳያም እንደነበር እንረዳለን። ግድግዳውን በቀለም ከመቀባት በመብራት መቀባት ደግሞ ይረክሳል። ሰዎችን ብልጭ አድርጎ ከመርከብ ወደ ፕላኔት የሚያወርደው መሣሪያ እንኳ የተፈጠረው፣ በየሳምንቱ መርከብ ሲያርፍ የሚያሳይ ምስል መሥራት ከበጀቱ በላይ ስለሆነ ነበር።

ድራማው በሁለተኛው ምዕራፉ ማብቂያ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን ትሪምብል አድናቂዎች ለጣቢያው እንዲጽፉ ቀሰቀሱ። ጣቢያው ራሱ እንደ ገለጸው የደረሰው ደብዳቤ ወደ 116,000 ይጠጋ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1968፣ የዕለቱ ክፍል እንዳለቀ፣ ድራማው እንደሚቀጥል የሚገልጽ ማስታወቂያ በድምፅ ተነገረ። አድናቂዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። የቀረው ግማሽ ግን ለጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። ሦስተኛው ምዕራፍ ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተመደበ፤ ድራማውን የሚወዱት ወጣቶች ከቤት በሚወጡበት ሰዓት ማለት ነው። በጀቱም ተቀነሰ። በጀቱ ሲቀነስ የውጪ ቀረጻ ከሞላ ጎደል ቀረ፣ እንግዳ ተዋናዮች አነሱ፣ ታሪኮቹ በመርከቡ ኮሪደሮች ውስጥ ተወሰኑ። ሦስተኛው ምዕራፍ ከሁለቱ ያንሳል የሚል አድናቂ ስለ ድርሰቱ የሚናገር ይመስለዋል፤ ከሚናገረው ውስጥ ግን ብዙው ስለ በጀቱ ነው። በ1969 ድራማው በ79 ክፍሎች ተቋረጠ።

ያዳነው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። 79 ክፍሎች ለአነስተኛ የከተማ ጣቢያዎች በየቀኑ ደጋግሞ ለማሳየት የሚበቁ ነበሩ። በድጋሚ ስርጭቱ በዋናው ስርጭት ጊዜ ካገኘው የበለጠ አድናቂ አፈራ። ድራማ ለረጅም ዘመን ወደ 100 ክፍሎች መድረስ አለበት ይባል የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። አምራቹ ኩባንያ እያንዳንዱን ክፍል የሚሠራው ጣቢያው ከሚከፍለው በላይ ገንዘብ አውጥቶ ነበር፤ ኪሳራውን የሚመልሰው በኋላ ለድጋሚ ስርጭት ሲሸጠው ነው። እንግዲህ በሁለተኛው ምዕራፍ የተቋረጠ ድራማ ታሪኩ ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ ዕዳውም ሳይከፈል ይቀራል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በማስታወቂያ የሚተዳደር ጣቢያ ድራማን ለተመልካች አይሸጥም፤ የሚሸጠው ተመልካቹን ለማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ተመልካቹ የሚቆጠረው ደግሞ በናሙና ነው፤ የኒልሰን ኩባንያ የመረጣቸው ቤቶች የሚያዩት ይመዘገባል፣ የሌላው ቤት ሁሉ ከነሱ ተነሥቶ ይገመታል። ከተቆጠሩትም መካከል ማስታወቂያ አስነጋሪዎች አብልጠው የሚከፍሉት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 49 ለሆኑት ነበር። ስለዚህ ሳያልፈው በየሳምንቱ የሚከታተል የ60 ዓመት አድናቂ፣ ቤቱ ከናሙናው ውጭ ከሆነ፣ ለዚያ ሒሳብ ያለ ሰው አይደለም። አድናቂዎች ሲቆጡ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ጣቢያው እንዳልሰማቸው ይናገራሉ፣ ነገር ግን ጣቢያው ከመጀመሪያውም የሚያዳምጠው ሌላ ሰው ነበር።

ማስታወቂያ የማይሸጡትስ? የብሪታንያው ቢቢሲ ዶክተር ሁ የተባለውን ድራማ ከ1963 ጀምሮ ሲያሳይ ገቢው ተመልካቾች ከሚከፍሉት የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ነበር። ሆኖም ድራማው በ1985 ለ18 ወራት ተቋርጦ፣ በ1989 ደግሞ ከ26 ምዕራፎች በኋላ ቆሞ፣ በ2005 እስኪመለስ ድረስ በመካከሉ ከአንድ የ1996 የቴሌቪዥን ፊልም በስተቀር አልታየም። የሒሳብ መዝገቡ ዓይነት ቢለያይም መዝገቡን የሚይዝ ሰው እዚያም አለ።

የዶክተር ሁ ስም ከተነሣ ስለ ቀረጻው አለማንሣት አይቻልም። በድሮዎቹ ምዕራፎች የቤት ውስጡ ትዕይንት በስቱዲዮ ውስጥ፣ በበርካታ የኤሌክትሮኒክ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ፣ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ የውጪው ትዕይንት ግን ብዙውን ጊዜ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ይቀረጻል። ቪዲዮው በሴኮንድ 50 ጊዜ ምስሉን ሲያድስ ፊልሙ የሚያሳየው 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል፣ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ በር ከፍቶ ወደ ውጭ ሲወጣ ዓለም ትለወጣለች። በውስጥ እያለ እንቅስቃሴው ልክ በዓይን እንደሚታይ ለስላሳና ጥርት ያለ ነው፤ ደጅ ሲወጣ ምስሉ ይሻክራል፣ ቀለሙ ይደክማል፣ እንቅስቃሴው የሲኒማ ይሆናል። ዛሬ አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ፊልሙ ሁሉ የስቱዲዮ ድራማ መስሎ ሲታየው የሚያማርረው ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ መሣሪያው ከራሱ ፍሬም እየፈጠረ ስለሚያስገባ ነው። የዚያ ዘመን ተመልካች ግን በሩ ላይ ዓለም ስትለወጥ አላማረረም። ለምዶት ነበር። እኔም ለረጅም ጊዜ ልዩነቱን ሳላስተውል ኖሬ፣ አንድ ሰው ከነገረኝ በኋላ ማየት ማቆም አቅቶኛል።

አሁን ወደ ተንቀጠቀጠው ካሜራ እንምጣ። በ1978 በኤቢሲ ጣቢያ የታየው የመጀመሪያው ባትልስታር ጋላክቲካ በአንድ ምዕራፍ የተቋረጠ ውድ ድራማ ነበር፤ የውጊያ ምስሎቹ ተቀርጸው የተሠሩት በሞዴል ስለሆነና ሞዴል መቅረጽ ጊዜና ገንዘብ ስለሚበላ፣ ያው አንድ መርከብ በያው አቅጣጫ ሲፈነዳ ከሳምንት ሳምንት ይደጋገም ነበር። በኮምፒውተር ምስል መሥራት ሲቻል ይህ ችግር ቀለለ፤ ባቢሎን 5 በ1990ዎቹ ይህን በቴሌቪዥን በስፋት ከጀመሩት አንዱ ነው። ግን አዲሱም መንገድ የራሱን ዕዳ አመጣ። የባቢሎን 5 ተዋናዮች የተቀረጹት ለሰፊ ስክሪን በሚበቃ ፊልም ሲሆን፣ የኮምፒውተር ምስሎቹ ግን የተሠሩት በዘመኑ ለነበረው ጠበብ ያለ ስክሪንና ለዚያው የጥራት መጠን ነበር። በኋላ ድራማው በሰፊ ስክሪን በዲቪዲ ሲወጣ፣ ተዋናይና የኮምፒውተር ምስል አንድ ላይ የገቡበት ትዕይንት ሁሉ ከላይና ከታች እየተቆረጠ ተጎተተ። ሁለት ሰዎች ጥርት ብለው ሲነጋገሩ ቆይተው፣ በአንዱ እጅ ላይ የጦር መሣሪያ ጨረር ሲፈነጥቅ ምስሉ በሙሉ ድንገት ይደበዝዛል። ተመልካቹ አንድ ነገር ሊሆን እንደሆነ ከመሆኑ በፊት ያውቃል።

በ2002 የመጣው ፋየርፍላይ ሌላ ዓይነት ምስል ይዞ መጣ። ካሜራው በእጅ ተያዘ። መብራት ፊት ለፊት ሲያርፍበት በምስሉ ላይ ነጸብራቅ የማይፈጥረው ዘመናዊ ሌንስ ተመልሶ፣ ነጸብራቅ የሚፈጥረው ርካሹ እንዲመጣ ተደረገ። በስቱዲዮ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተር በተሠራው የጠፈር ትዕይንትም ካሜራው ሰው የያዘው መሰለ፦ መርከቧ ከሩቅ ትታያለች፤ ካሜራው ዘግይቶ ያገኛታል፤ ዙም አድርጎ ሊያቀርባት ሲል ከፎከስ ትወጣለች፤ ትንሽ ተደናብሮ ይይዛታል። እንዲህ ያለ ካሜራም የሚይዘው ሰውም የለም፤ ስሕተቱ በሙሉ በኮምፒውተር ላይ በትዕግሥት የተሠራ ስሕተት ነው። ድምፅም የለም፤ በጠፈር ውስጥ ድምፅ የሚያስተላልፍ አየር ስለሌለ ነው። እነዚህን ምስሎች የሠራው ዞይክ የተባለው ስቱዲዮ በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ስልት ይዞ ወደ አዲሱ ባትልስታር ጋላክቲካ ገባ። በነገራችን ላይ የአዲሱን ጋላክቲካ መክፈቻ በጥንቃቄ ያየ ሰው የፋየርፍላይን መርከብ በአንድ መስኮት በኩል ስታልፍ ያገኛታል።

ፋየርፍላይ ስንት ጊዜ ኖረ? 14 ክፍሎች ተሠሩ፤ ፎክስ ጣቢያ ያሳየው 11ዱን ነው። ታሪኩን የሚያስተዋውቀው የሁለት ሰዓቱ የመጀመሪያ ክፍል የታየው በታኅሣሥ 2002፣ ከሌሎቹ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። ተመልካቹ ሰዎቹን ካወቃቸው ከሦስት ወር በኋላ እንዴት እንደ ተዋወቁ ተነገረው። ይህን ድራማ ካሜራው ገደለው የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ካሜራው ግን በኋላ ስታርጌት ዩኒቨርስን ገደለ ከተባለው ካሜራ ጋር አንድ ነው።

አዲሱ ጋላክቲካ በአንጻሩ በዚሁ ስልት ከ2003 እስከ 2009 ኖሮ ታሪኩን ጨርሷል። ፈጣሪው ሮናልድ ሙር ሐሳቡን ገና ከመጀመሪያው በጽሑፍ አስቀምጦ ነበር፤ ጠፈሩን ዘጋቢ ፊልም እንደሚቀርጽ ሰው እንየው የሚል ነው። ስልቱ ለምን እንደ ሠራ ለማየት "33" የተባለውን ክፍል ማየት ይበቃል። ጠላት በየ33 ደቂቃው ይመጣል። ሸሽተው ሌላ ቦታ ይደርሳሉ፤ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ለአምስት ቀናት የተኛ ሰው የለም። ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲዞር አንድ አፍታ ይዘገያል፣ የሚናገረውን ሰው ሲያገኘው ንግግሩ ተጀምሯል፤ እሱም እንደነሱ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። እዚህ ላይ መንቀጥቀጡ ትርጉም አለው። ክፍሉ በ2005 ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ከጥበቡ ጎን ሒሳቡም አለ፦ በእጅ የተያዘ ካሜራ ሐዲድ አያስዘረጋም፣ አንዱን ትዕይንት ከአንድ ጥግ ቀርጾ መብራቱን ሁሉ ለሌላው ጥግ እንደገና መትከል አያስፈልገውም፤ የቴሌቪዥን ቀረጻ ቀን ደግሞ አጭር ነው።

እንግዲህ በ2009 ስታርጌት ዩኒቨርስ ሲመጣ ይህ ሁሉ ከኋላው ነበር፤ ከፊቱ የቀደሙት የራሱ ወንድሞችም ነበሩ። ስታርጌት ኤስጂ-1 በ10 ምዕራፎችና በ214 ክፍሎች ጥርት ባለ መብራት፣ በረጋ ካሜራና በቀልድ ተመልካቹን አስለምዶ ነበር። ሁለተኛው ወንድም አትላንቲስ ልክ 100 ክፍል ሲሞላ ተቋርጧል። አዲሱ ድራማ ሲጀምር ከአድናቂዎቹ ብዙዎቹ ያዩት በሚወዱት ድራማ መቀመጫ ላይ የተቀመጠ እንግዳ አድርገው ነው። እንግዳው ደግሞ አይስቅም፤ ቤቱም ጨለማ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው እኔም ከወቃሾቹ ወገን ነበርኩ። ጋላክቲካን ሊመስል ይሞክራል ብዬ በሦስተኛው ክፍል ትቼው ነበር። ከዓመታት በኋላ እንደገና ሳየው ሁለት ነገር ታየኝ። የመጀመሪያው፣ ጨለማው ያለ ምክንያት አለመሆኑ ነው፤ መርከቡ ባለቤቶቹ ከተዉት ዘመን የሌለው አሮጌ ነው፣ ኃይሉም ሊያልቅ ደርሷል። ከዚህም በላይ ድራማው ካሜራን ራሱን የታሪኩ አካል አድርጎታል። ኪኖ የሚባል ብርቱካን የሚያህል ተንሳፋፊ የካሜራ ኳስ አለ፤ ያ በመስኮቱ የቀረው ወጣት በዚህ ኳስ ባልደረቦቹን እየቀረጸ ያናግራቸዋል። ኳሱ ሲያይ ምስሉ የረጋና የቀዘቀዘ ነው፤ ሰው ያልያዘው ዓይን መሆኑ ይታወቃል። ይህ ጋላክቲካ ያላሰበው ብልሃት ነው።

ሁለተኛው የታየኝ ነገር ወቃሾቹ በከፊል ልክ መሆናቸው ነው። ኪኖው በሌለበት ጊዜ ካሜራውን የያዘው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ስለ ውሃ ክፍፍል ሲነጋገሩ፣ የሚያሳድዳቸው ሳይኖር፣ ሰዓቱም ሳይቆጥር፣ ምስሉ ይወዛወዛል። በ"33" ውስጥ ድካም የነበረው እዚህ ልማድ ሆኗል። ስለዚህ ስልቱን ንቀፉ ብባል እነቅፋለሁ። ድራማውን ገደለው በሉ ብባል ግን እምቢ እላለሁ፤ ምክንያቱም የሞቱ መንስኤ ሌላ ቦታ ተጽፏል። ሁለተኛው ምዕራፍ ከዓርብ ወደ ማክሰኞ ተዛወረ፤ ያኔ ተመልካቹ ቀነሰ። አምራቹ ኤምጂኤም ኩባንያ በኅዳር 2010 የኪሳራ ጥበቃ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ስታርጌት ቀድሞ የቀሩ ታሪኮቹን በቀጥታ ለዲቪዲ በሚሠሩ ፊልሞች ይቋጭ ነበር፤ የዲቪዲ ገበያ ሲወድቅ ያ መውጫም ተዘጋ። የመቋረጡ ዜና የተነገረው በታኅሣሥ 2010 ነው። ካሜራው ሐውልት እንደ ረጋ ቢቀረጽ ኖሮ ከነዚህ መካከል የትኛው ይለወጥ ነበር?

ይህን ስል የአድናቂ ጩኸት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ኖሮት ያውቃል፤ ግን መቼ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በ2007 ሲቢኤስ ጣቢያ ከኑክሌር ጥቃት በኋላ ስለተረፈች ከተማ የሚተርከውን ጄሪኮን ሲያቋርጥ፣ የመጨረሻው ክፍል ጀግናው በእንግሊዝኛ "ለውዝ" ማለት በሆነች የእምቢታ ቃል ያበቃ ስለነበር፣ አድናቂዎች ለጣቢያው ቢሮዎች ከ20 ቶን በላይ ኦቾሎኒ ላኩ። ጣቢያው 7 ተጨማሪ ክፍሎች ፈቀደ፤ ኦቾሎኒ መላኩንም እንዲያቆሙላቸው ለመነ። 7ቱ ታይተው ሲያልቁ ድራማው እንደገና ተቋረጠ። ሃያ ቶን ኦቾሎኒ የጣቢያውን ሰዎች ልብ ለወጠ፤ የማስታወቂያውን ዋጋ ግን አልለወጠም።

ኤክስፓንስ የተባለው የጠፈር ድራማ ታሪክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሳይፋይ ጣቢያ በግንቦት 2018 ከሦስት ምዕራፎች በኋላ ሲያቋርጠው፣ ጣቢያው የገዛው ድራማውን በአሜሪካ በቀጥታ ስርጭት ቀድሞ የማሳየት መብት ብቻ ነበር። ሰዎች በሌላ ጊዜና በሌላ መንገድ ሲያዩት ከሚገኘው ገንዘብ አይደርሰውም። አድናቂዎቹ ይህን የተረዱ ይመስላል፤ አውሮፕላን ተከራይተው ድራማውን አድኑ የሚል ጨርቅ ያስጎተቱት ባቋረጠው ጣቢያ ላይ ሳይሆን በአማዞን ስቱዲዮ ሰማይ ላይ ነው። በዚያው ወር የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ በሎስ አንጀለስ በተደረገ የጠፈር ጉባኤ ላይ፣ ተዋናዮቹ ባሉበት፣ ድራማው መዳኑን ተናገረ። ኤክስፓንስ እስከ ስድስተኛ ምዕራፉ ደርሶ በጥር 2022 ተጠናቀቀ። አድናቂዎቹ ያደረጉት ሁለተኛ ኪስ መፈለግ ነው፤ የመጀመሪያው ኪስ እንዲራራ አልለመኑም።

ዛሬ ብዙው ድራማ በኢንተርኔት በሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ላይ ሆኗል። የዓርብ ማታ መርገም ቀርቷል። በምትኩ የመጣው ግን ለእኛ ከቀድሞው የባሰ የተሰወረ መዝገብ ነው፤ ስንት ሰው ጀመረው፣ ከጀመሩት ስንቱ እስከ መጨረሻው አየው የሚለውን አገልግሎቱ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። ከታሪኩ ጋር እየተዝናና በሳምንት አንድ ክፍል የሚያይ ሰው በዚያ ቆጠራ ውስጥ ያልጨረሰ ሰው ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። 1899 የተባለው የኔትፍሊክስ ድራማ በኅዳር 2022 ወጥቶ በጥር 2023 መጀመሪያ ተቋርጧል፤ ፈጣሪዎቹ ያሰቡት ሦስት ምዕራፍ ነበር። ይህም ድራማ በአዲስ ስልት የተቀረጸ ነው፦ ተዋናዮቹ የቆሙት ግዙፍ የኤልኢዲ ግድግዳ ፊት ነው፤ ባሕሩና ሰማዩ በግድግዳው ላይ ይታያል፣ ብርሃኑም ከዚያው ወጥቶ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ግድግዳው መርከቡን ወደ ባሕር ከማውጣት ያድናል። እንግዲህ ከ1966ቱ ግራጫ ግድግዳ እስከዚህ ድረስ ብዙ ርቀት አልተሄደም፤ ያኔም ዛሬም ሰማዩ ግድግዳ ላይ የወደቀ ባለቀለም ብርሃን ነው። የዚህንም ድራማ መቋረጥ ተከትሎ አንዳንዶች ጥፋቱን ግድግዳው ላይ ሲያላክኩ ሰምቻለሁ፤ ጨለማ ነበር፣ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይመስል ነበር እያሉ።

አንድ ሰው ብቻ ይህን መዝገብ አስቀድሞ አንብቦ በራሱ ድራማ ላይ ሲሠራበት አይቻለሁ፤ የባቢሎን 5 ፈጣሪ ማይክል ስትራዚንስኪ ነው። ከ110 ክፍሎች 92ቱን የጻፈው እሱ ነው፤ ታሪኩንም ከመጀመሪያው ለአምስት ምዕራፍ ብሎ አቅዶት ነበር። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ድራማውን የሚያሠራጨው የጣቢያዎች ኅብረት ሊፈርስ ደረሰ፤ አምስተኛው ምዕራፍ መኖሩ አጠራጠረ። እሱም ለአምስተኛው ያስቀመጣቸውን ታሪኮች ወደ አራተኛው አጥፎ አስገባ፣ የመጨረሻውንም ክፍል ጽፎ፣ ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ቀረጸው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ሌላ ጣቢያ አምስተኛውን ምዕራፍ ገዛው። የተቀረጸው መጨረሻ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ በቦታው ሌላ ክፍል ተሠራ፤ መጨረሻው በኅዳር 1998 በተራው ታየ። በዚያ ክፍል የጠፈር ጣቢያው አገልግሎቱን ጨርሶ ሊዘጋ ነው። ሰዎቹ ተሰናብተው ወጥተዋል። በመጨረሻ አንድ የሥራ ልብስ የለበሰ የጥገና ሠራተኛ ብቻውን ይቀራል፤ ዞር ብሎ ባዶውን ክፍል ያይና ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ዝቅ እያደረገ መብራቱን ያጠፋል። ሠራተኛውን ሆኖ የተወነው ስትራዚንስኪ ራሱ ነው።